ለሐምሌ ብርድና ለበርበሬ ወጥ የሚስማማ፣ ኪስ የማይጎዳ ቀይ ወይን የትኛው ነው?

ባሻ ወልዴ 4ኛ ፎቅ
ሐምሌ 8 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ተፈትቷል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቀን ማታ፣ ስምንት እንግዶች ለእራት ጠርተናል። ዶሮ ወጡን ባለቤቴ ትሠራለች፤ የበግ ቅቅሉና ዝልዝል ጥብሱ የእኔ ድርሻ ነው፤ ጎመን በሥጋም ይኖራል። አራት ኪሎ በዚህ ወር እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁት ነው። በቀዝቃዛ ቢራ እንግዳ መቀበል አልወደድንም፤ አረቄው ደግሞ ጨዋታው ሳይደምቅ ሰውን ይበትናል፤ ስለዚህ ቀይ ወይን ይሁን ብለን ተስማማን።

የምጠይቃችሁ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ገና ለእንግዳ ክብር ብዬ ከአቅሜ በላይ ከፍዬ ከውጭ የመጣ ካበርኔ ሶቪኞን ገዝቼ ነበር። ጠርሙሱ ያማረ፣ ሻጩም አብዝቶ ያሞገሰው ወይን ነበር። ከዶሮ ወጡ ጋር ሲቀርብ ግን በርበሬው በእጥፍ ፋጀ፣ ወይኑም እንደ ጌሾ መረረ። አማቴ ሁለት ጊዜ ተጎንጭተው "ይህስ የሐኪም መድኃኒት ይመስላል" አሉና ኮካ አስመጥተው ቀላቀሉበት። ያን ያህል ገንዘብ የከፈልኩበት ወይን ከኮካ ጋር ሲቀላቀል እያየሁ በልቤ አዝኜ ዝም አልኩ።

በዚህ ዓመት ለወይን የመደብኩት 7,000 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄድም። ሁለቱ እንግዶቻችን አልኮል አይጠጡም። ስንት ጠርሙስ፣ ምን ዓይነት፣ ለየትኛው ምግብ ልግዛ?

የቡሽ መክፈቻ
ሐምሌ 8 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡45

ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ውስጥ 14 ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። እርስዎን በገና የገጠመዎት ነገር እኔ በየሳምንቱ እያየሁት የኖርኩት ነው። ወይኑ መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም፤ አብሮት የቀረበው ምግብ የማይስማማው ስለነበረ ነው።

ቀይ ወይን ከነጩ በዋናነት የሚለየው፣ ጭማቂው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ጋር ስለሚብላላ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ታኒን የሚባለውን ንጥረ ነገርም ይዞ በመውጣቱ ነው። ቅጠሉ ሳይጠለል ብዙ የቆየ ሻይ ሲጠጡ ምላስንና ድድን ጭምድድ የሚያደርገው ያው ታኒን ነው። ታኒን ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍን ያደርቃል፤ ስብ ያለው ሥጋ ሲያገኝ ግን በምራቁ ፋንታ ከሥጋው ጋር ስለሚያያዝ ወይኑ ይለሰልሳል። ፈረንጆች ጠንካራ ቀይ ወይን ከተጠበሰ ሥጋ ጋር የሚያቀርቡት ለዚህ ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ሥጋቸው ላይ የሚያደርጉት ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው እንጂ በጭልፋ የሚጨመር በርበሬ አይደለም።

በበርበሬያችን ውስጥ የሚፋጀው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ካፕሳይሲን እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ጣዕም ሳይሆን፣ ትኩሳትን የሚለዩትን ነርቮች በቀጥታ የሚቀሰቅስ ነገር ነው፤ አልኮልም እነዚያኑ ነርቮች ይቀሰቅሳል። እንግዲህ አልኮሉ 14 ከመቶ ተኩል የሆነ ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ሲጠጡ በፍም ላይ ላምባ እንደ ማርከፍከፍ ይቆጠራል። ታኒኑ ደግሞ የተቃጠለውን አፍ ጨምሮ ያደርቀዋል፣ ምሬቱም ጎልቶ ይወጣል። የእርስዎ ካበርኔ በሁለቱም በኩል የበረታ ስለነበረ ሁለት ጥፋት አንድ ላይ ደረሰብዎት።

ስለዚህ በእኛ አገር ማዕድ ላይ ወይን መምረጥ ያለብን በሥጋው ዓይነት ሳይሆን በወጡ ነው። ዶሮ ይሁን በግ ወይም በሬ፣ ቀይ ወጥ ከሆነ ታኒኑ የለዘበ፣ አልኮሉ ከ13 ከመቶ ብዙ ያልራቀ፣ የፍሬ ጣዕሙ ጎልቶ የሚሰማና በትንሹም ቢሆን ጣፋጭነት ያለው ወይን፣ ያውም ቀዝቀዝ ብሎ፣ ያስፈልገዋል። አልጫ፣ ቅቅልና ጥብስ ከሆነ ደረቁን፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለውን ቀይ ወይን ያለ ስጋት ማቅረብ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ እንጀራውን ነው። እንጀራ የኮመጠጠ ምግብ ነው፤ ከኮመጠጠ ምግብ ጋር የሚቀርብ ወይን የራሱ ኮምጣጣነት ከሌለው ውኃ ውኃ ይላል። ፀሐይ በበዛበት ቦታ የተመረተና አብዝቶ የበሰለ ወይን ለብቻው ሲቀምሱት ያስደስታል፣ ከእንጀራ ጋር ግን ይተኛል። በሆቴሉ ሳለሁ አንዳንድ እንግዶች ውዱን ወይን ከበያይነቱ ጋር ጠጥተው "ጣዕም የለውም" ሲሉ ቡሹ የተበላሸ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን የእንጀራው ነበር።

ቁጥሩን በተመለከተ አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ስድስት ጠጪዎችና እናንተ ሁለታችሁ ስምንት ትሆናላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ብርጭቆ ቢታሰብ 24 ብርጭቆ፣ ይኸውም አምስት ጠርሙስ ነው። የገንዘቡ ልክ አስገድዶዎት ከሆነ አራትም ይበቃል፤ እራት ላይ ሁሉም ሰው ሦስት አይጠጣም።

ክትፎ ከነቆጮው
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

የቡሽ መክፈቻ የተናገሩትን አከብራለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እኔ ክትፎን ሚጥሚጣው በዝቶ፣ ከጠንካራ ካበርኔ ጋር ነው የምወደው። መፋጀቱ ለአንዳንዶቻችን ችግር ሳይሆን የበላንበት ምክንያት ነው። በዚህ ብርድ ግንባሬ ላይ ላብ ካላየሁ የበላሁ አይመስለኝም። ሁሉን ነገር እንለስልሰው ካልን ማዕዱ የሕፃን ምግብ ይሆናል።

የሠራተኛ ሰፈር ጉልቻ
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከቀኑ 8፡05

ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸው ስለ ወይን ቢሆንም እኔ ስለ ድስቱ ልንገርህ፤ ድስቱ ካልታወቀ ወይኑ አይታወቅምና።

የዶሮ ወጥ ፋጅነት ሁሉ አንድ አይደለም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በቀስታ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ገብቶ በትዕግሥት እየተቁላላ ሰዓታት ከቆየ በኋላ የሚወጣው ወጥ ከራሱ ከሽንኩርቱ የመጣ ጣፋጭነት አለው። በርበሬው ጥሬ ጥሬ እያለ በአንድ ሰዓት የደረሰ ወጥ ግን ማንም ወይን ቢቀርብለት ያጣላዋል። ባለቤትህ የትኛውን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ሽንኩርቱን በደንብ የምታበስል ከሆነ ግን ያ ጣፋጭነት የወይኑን ሥራ ግማሹን ያቀልለታል። ለቅቅሉም ጊዜ ስጠው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ከማለፉ የተነሣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የበጉ አጥንት ጣዕሙን እስኪሰጥ ድረስ ቆላ ካለው ዘመድህ የበለጠ መጠበቅ አለብህ።

አይብ ከማዕዱ እንዳይጠፋ። አይብ ፋጅቱን የሚያበርደው እንዲያው በልማድ አይደለም፤ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚፋጀውን ነገር ከምላስ ላይ ይዞት ይሄዳል። እንግዳ አንድ ጉርሻ ወጥ፣ ትንሽ አይብ፣ ከዚያ ወይን ካለ ደረቁም ወይን ያልፍለታል። የዶሮው እንቁላል ግን አስኳሉ አፍ ላይ ስለሚለጠፍ የወይኑን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ከእንቁላሉ በኋላ ውኃ ይጎንጩ በላቸው።

አሁን ወደ አማትህ ልመለስ። ኮካ ቀላቀሉ ብለህ አዝነሃል። ለምን? የቡሽ መክፈቻ ጣፋጭነት ያለው፣ አልኮሉ የቀነሰ፣ የቀዘቀዘ መሆን አለበት ብለው ጻፉ አይደል? አማትህ ኮካውን ሲጨምሩ ያደረጉት እኮ እሱኑ ነው። ጣፈጠ፣ አልኮሉ ተቀየጠ፣ ቀዘቀዘ። ትምህርት ቤት ሳይገቡ ምላሳቸው አስተማራቸው።

የቡሽ መክፈቻ
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡30

እማማ፣ በዚህ ነገር ላይ ተሸንፌያለሁ ማለት ይኖርብኛል። ለዓመታት ጉደሩን ከኮካ ጋር፣ አክሱሚቱን ከአምቦ ውኃ ጋር የሚቀላቅሉ ደንበኞችን ስናስተናግድ ወጥ ቤት ገብተን እንስቅ ነበር፤ አንዱ አለቃችን "ወይን አያውቁም" ይል ነበር። ዛሬ ሳስበው እነዚያ ሰዎች የሚቀላቅሉት ብዙውን ጊዜ ቀይ ወጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲበሉ ነበር። ቅቅል ይዞ የተቀመጠ ሰው ኮካ ሲያዝ ያየሁት ትዝ አይለኝም። የማያውቁት የምንስቀው እኛ ነበርን እንጂ እነርሱ አልነበሩም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። የለስላሳው ስኳር ብዙ ስለሆነ ወይኑን ጨርሶ ይውጠዋል፤ ጋዙ ደግሞ የሚፋጅ ምላስን ይበልጥ ይወጋል። የሚፈለገው ጣፋጭነትና ልዝብነት ከሆነ ከመጀመሪያው መካከለኛ ጣፋጭ የሆነውን ቀይ ወይን መግዛት ይሻላል፤ ዋጋውም ከደረቁ ብዙ አይለይም፣ ኮካውም ይቀራል።

ለባሻ ወልዴ ደግሞ ምርጫውን በስም ላስቀምጥልዎት። በዝዋይ፣ ማለትም በባቱ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተክሉ የፈረንሳይ ዝርያ ነው፤ የመጀመሪያው ምርት ለገበያ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እዚያ በረዶ የሚጥልበት ወቅት ስለሌለ ተክሉ እንደ አውሮፓው በራሱ ጊዜ አያንቀላፋም፤ መቼ እንደሚያፈራ በዋናነት የሚወስነው ገበሬው የሚገርዝበት ጊዜ ነው። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉት የወይን ፍሬ ዝርያዎች በየራሳቸው ጠርሙስ ይወጣሉ። አካሺያ በሚለው ስም ደግሞ መካከለኛ ጣፋጩ ቀይ አለ።

ለዝልዝል ጥብሱ ሲራውን ይያዙ። ሲራ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፤ ይህ ሽታ በቁንዶ በርበሬው ውስጥ ካለው ጋር ያው አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የጥብስ ቅጠል ከገባበት ሥጋ ጋር የተዋወቁ ያህል ይግባባሉ። ለቅቅሉና ለጎመን በሥጋው ሜርሎው ታኒኑ ከካበርኔ የለዘበ ስለሆነ ይስማማል። ለዶሮ ወጡ መካከለኛ ጣፋጩን አካሺያ እመርጣለሁ። ጉደርም ቀላልና ኮምጣጣነት ያለው ወይን ስለሆነ ከእንጀራ ጋር እኔን አሳፍሮኝ አያውቅም፤ ስሙን የወሰደው ከአምቦ አለፍ ብሎ ከሚገኘው ከተማ ነው። ሰው ርካሽ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ቀዝቀዝ አድርጎ ከምንቸት አብሽ ጋር የሞከረው ግን ጥቂት ነው።

ለገሃር ግሮሰሪ
ሐምሌ 10 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለገሃር አጠገብ ትንሽ ግሮሰሪ አለኝ። ከምግቡ ይልቅ ስለ መደርደሪያው ልናገር፤ ጥሩ ወይን ሱቅ ውስጥ ሊበላሽ ይችላልና።

ወይንን የሚገድሉት ሙቀትና ብርሃን ናቸው። ጠርሙሱ መስኮት ላይ፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ወይም ቀንና ሌሊት ከሚበራ መብራት ሥር ቆሞ ወራት ካለፈው፣ ፍሬያማ ጣዕሙ ጠፍቶ የተቀቀለ ዘቢብ ይመስላል። እኔ ራሴ ንግዱን ከመጀመሬ በፊት ከአንድ ትልቅ ሱቅ የገዛሁት ወይን ኮምጣጤ ሆኖ አግኝቼው፣ ለመመለስ ስሞክር "ወይን እንዲህ ነው" ብለው ሸኝተውኛል። ስለዚህ ለዕይታ የተደረደረውን ትታችሁ ከካርቶን እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ ወይም በአንገቱ ላይ የደረቀ ፍሳሽ ካለ አትውሰዱት። የወይኑ ከፍታ ከሌሎቹ ጠርሙሶች ዝቅ ብሎ ከታየም እንዲሁ። ዓመተ ምርቱንም ተመልከቱ፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ወይን በወጣትነቱ እንዲጠጣ የተሠራ ስለሆነ "አሮጌ ነው፣ ይሻላል" የሚለውን ሻጭ አትመኑት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጣው ወይን ለምን እንደተሰቀለ ደንበኞች ሁሌ ይጠይቁኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 በአልኮል መጠጦች ላይ ያለውን የኤክሳይዝ ታክስ የሚወስን ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ጠርሙሱ በመርከብና በመኪና መጥቶ ቀረጥ ሲከፈልበት፣ ከምትከፍሉት ውስጥ ለወይኑ ለራሱ የሚደርሰው ትንሹ ክፍል ነው። በተመሳሳይ ገንዘብ ከአገር ውስጡ የተሻለ ወይን ታገኛላችሁ የምለው ለአገር ፍቅር ብዬ ሳይሆን ለዚህ ነው።

የግድ ከውጭ አንድ ጠርሙስ ካስፈለገ ከቺሊ የመጣ ካርሜኔር ካገኛችሁ ለቅቅልና ለጥብስ አይከፋም። ይህ ዝርያ በቺሊ ለረጅም ዘመን ሜርሎ እየተባለ ሲሸጥ ኖሮ፣ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እኛም አገር ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ ነገር አይጠፋም።

አዲስ ጠጪ
ሐምሌ 10 ቀን፣ ከቀኑ 7፡15

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በቡሽ ፋንታ በብረት ክዳን የሚዘጋው ወይን ዝቅተኛ ነው ማለት ነው? ቀይ ወይን ስጠጣስ ራሴን የሚያመኝ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ሰልፋይት ምክንያት ነው የሚሉኝ እውነት ነው?

የቡሽ መክፈቻ
ሐምሌ 10 ቀን፣ ከቀኑ 9፡40

ክዳኑ የጥራት ምልክት አይደለም። የሚጠመዘዘው ክዳን በወጣትነቱ ለሚጠጣ ወይን ከቡሽ የሚያንስበት ነገር የለም፤ እንዲያውም በተበላሸ ቡሽ ምክንያት እርጥብ ካርቶን መሽተት ከሚባለው ጣጣ ያድናል። ሰልፋይት፣ ማለትም ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ንጥረ ነገር፣ አስም ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ግን ነጭ ወይን ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ቀይ ወይን የበለጠ ሰልፋይት ስላለው፣ ነጩን ጠጥቶ ደኅና የሆነ ሰው ቀዩን በሰልፋይት መክሰስ የለበትም። ባዶ ሆድ ጠጥተው፣ ውኃም ረስተው ከሆነ መልሱ እዚያው ሊሆን ይችላል።

ባሻ ወልዴ 4ኛ ፎቅ
ሐምሌ 12 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ወርጄ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ በመጨረሻ ከካርቶን አውጥቶ የሰጠኝን ነጋዴ መርጬ አምስት ጠርሙስ ገዛሁ፤ ሁለት አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ፣ አንድ ሜርሎ፣ አንድ ሲራና አንድ ጉደር። ከመደብኩት ገንዘብም ለአይብና ለማር የሚሆን ተረፈ፤ ማሩ አልኮል ለማይጠጡት እንግዶቻችን ብርዝ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። "ቀዝቀዝ አድርጎ" ስትሉ ምን ያህል ነው? ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው ሲባል ነው የሰማሁት። ማቀዝቀዣችን ደግሞ በሥጋ ተሞልቷል።

የቡሽ መክፈቻ
ሐምሌ 12 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡20

"የክፍል ሙቀት" የሚለው አባባል የመጣው ብርዳም ከሆኑት የአውሮፓ የድንጋይ ቤቶች ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለት ነው እንጂ አሥር ሰው የተቀመጠበትና ከሰል የሚነድበት የእኛ ሳሎን ማለት አይደለም። ሲራውንና ሜርሎውን እዚያው 16 ዲግሪ ላይ ያቅርቡ። ከወጡ ጋር የሚሄዱትን አካሺያና ጉደር ወደ 13 ዲግሪ ዝቅ ያድርጓቸው፤ ቅዝቃዜው ጣፋጭነቱ እንዳይሰለች ያደርጋል፣ የአልኮሉንም ትኩሳት ይቀንሳል።

ማቀዝቀዣው ቢሞላም አይጨነቁ። አራተኛ ፎቅ ነዎት፤ የሐምሌ ማታ በረንዳ ከማንኛውም ማቀዝቀዣ የተሻለ ነው። እንግዶች ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ አካሺያውንና ጉደሩን በረንዳ ላይ ያቁሟቸው፣ ጠርሙሱን ሲይዙት ለእጅዎ ቅዝቅዝ ካለ ደርሷል። ከከሰሉና ከቡናው ምድጃ አጠገብ ግን ምንም ጠርሙስ አይጠጋ።

የሠራተኛ ሰፈር ጉልቻ
ሐምሌ 13 ቀን፣ ከጠዋቱ 5፡00

የአቀራረቡን ቅደም ተከተል አትርሳ። ቅቅሉን አስቀድም፤ ሰው ከብርድ ሲገባ መረቅ ይሻላል። ከዚያ ጥብሱና ጎመኑ፣ ዶሮ ወጡ በመጨረሻ። ዶሮ ወጥ ቀድሞ ከቀረበ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ወይን ሁሉ አፍ ላይ ውኃ ነው። ባህሉ ዶሮውን ያስቀድማል የሚሉህ ይኖራሉ፤ የበዓል ቀን አስቀድም፣ ይህ ግን የእራት ግብዣ ነው።

ክትፎ ከነቆጮው
ሐምሌ 13 ቀን፣ ከቀኑ 6፡30

ካበርኔ አንድ ጠርሙስ እንኳ አለመግዛትዎ ያሳዝናል። ቢሆንም ትናንት ማታ እንዲያው ለመፈተን ሜርሎውን በረንዳ ላይ አቆይቼ ከለብለብ ክትፎ ጋር ሞከርኩት። አልተሸነፍኩም፤ ግን ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁ።

ባሻ ወልዴ 4ኛ ፎቅ
ሐምሌ 20 ቀን፣ ከቀኑ 10፡15

እንደ ቃሌ የትናንቱን እራት ልንገራችሁ።

በእማማ ምክር ቅቅሉን አስቀደምነው። ዝናቡ እየወረደ ስለነበር እንግዶቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው መረቁን የያዙት። ሜርሎው ከበጉ ስብ ጋር ያለ አንዳች ክርክር አለፈ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ "ይህ ከየት የመጣ ነው?" ብሎ ጠርሙሱን አገላብጦ ዝዋይ የሚለውን ሲያነብ አላመነም። ሲራው ከዝልዝሉ ጋር ከሁሉ በልጦ ተወደደ፤ የጥብስ ቅጠሉን ትንሽ አብዝቼ ስለነበር የቡሽ መክፈቻ ስለ ሽታው የጻፉት በትክክል ተሰማኝ፤ ቀድሞ አልቆ ሁለት አለመግዛቴን ተጸጸትኩ። ጉደሩን ከጎመን በሥጋው ጋር አቀረብኩት፤ ብቻውን ስቀምሰው ኮምጠጥ ብሎብኝ ነበር፣ በእንጀራ ጉርሻ ላይ ግን ኮምጣጣነቱ ተሰወረ። ይህን ነገር በዓይኔ ባላይ፣ ይቅርታ፣ በምላሴ ባልቀምስ አላምንም ነበር።

አካሺያውን በተመለከተ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። አንዱን በረንዳ ላይ አቁሜ ሌላውን ረስቼ ቡና ከሚፈላበት አጠገብ ተውኩት። የቀዘቀዘው ከዶሮ ወጡ ጋር እንደተባለው ሆነ፤ በርበሬው አለ፣ ግን አፍን አላሳደደም። የሞቀው ያው ወይን፣ ከዚያው ካርቶን የወጣ፣ እንደ ሽሮፕ ከበደን። ባለቤቴ ሁለቱን ብርጭቆ አቅርባ ለየእንግዳው ስታቀምስ ሁለት የተለያየ ወይን መስሏቸው ነበር።

አማቴን ሁላችሁም እንደምትጠብቋቸው አውቃለሁ። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ኮካ አዘጋጅቼ ከጎናቸው አስቀመጥኩ፤ ማንንም ማሸማቀቅ አልፈለግሁም። ቀዝቃዛውን አካሺያ ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ፣ ኮካውን ለልጅ ልጃቸው ገፋ አደረጉት። ብርጭቋቸውን ግማሽ ካደረሱ በኋላ "የገናው ስንት ነበር የገዛኸው?" አሉኝ። ዋጋውን ነገርኳቸው። "ይህስ?" አሉ። ይህንንም ነገርኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ብርጭቋቸውን ለመቀዳት ዘረጉልኝ።

ግማሽ ጉደር ተርፎ ነበር፤ ቡሹን መልሼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት፣ ሦስት ቀን ይቆያል ስለተባልኩ። አልቆየም፤ ዛሬ ለምሳ በሠራነው የፓስታ ሥጎ ውስጥ ገባ።

የሠራተኛ ሰፈር ጉልቻ
ሐምሌ 20 ቀን፣ ከምሽቱ 12፡40

ሥጎው ውስጥ ስታደርገው ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ ሥጋው ላይ ወይኑ እስኪመጥ ጠብቅ፤ በኋላ ከሆነ ኮምጣጣው በቲማቲሙ ላይ ይደራረብብሃል። ለነሐሴ 16 የፍልሰታ ፍቺም ሲራውን ሁለት ግዛ።